ለወንጀለኛው የተሰጠ ቃል

ወይዘሮ የሺወርቅ እንደሚሉት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወፍጮው በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ስልካቸው በሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነዘረ። ሞተሩን አስጠፍተው ወደ ደጅ ወጡ። በስልኩ ውስጥ አንድ ወንድ ነበር። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ የቀዘቀዘ ነበር። «ሴትዮ፣ ስሚኝ» አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱሉልታ ላይ ማንም አንቺ ብሏቸው አያውቅም። «እኔ እምቢ ያለኝ ሰው አላውቅም፤ የዘገየብኝ ሰው ግን አውቃለሁ» አላቸውና ሳቀ።

ፈቀደ እንደሚለው ደግሞ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሰበታ፣ ክር ፋብሪካው ውስጥ፣ ማሽኑ ላይ ቆሞ ነበር። እዚያ ሠራተኛ ሁሉ ሲገባ ስልኩን ለጥበቃ ያስረክባል፤ የሚመለስለት ሲወጣ ነው። የወይዘሮ የሺወርቅን ቁጥር አያውቅም። አናግሯቸውም አያውቅም።

ልጃቸው ኢየሩስ ሁለቱንም አመነች። ያስፈራትም ይኸው ነበር። እናቷ አይዋሹም። ፈቀደ ዋሽቷት አያውቅም። በስልኩ ውስጥ የነበረው ድምፅ ግን የፈቀደ ነበር።

ከፈቀደ ጋር ያገናኛትም ያው ድምፅ ነው። ኢየሩስ ቡራዩ አክስቷ ዘንድ እያደረች አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ለሰንበት ብቻ እናቷ ጋ ሱሉልታ ትመለሳለች። ባለፈው ክረምት ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ሰው ሁሉ በየሐሳቡ ሰጥሞ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ረዳቱም ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ዞረ። ባለድምፁ ሹራቡ ላይ የጥጥ ብናኝ የተጣበቀበት፣ በሰው ዓይን ብዛት አንገቱን የደፋ ቀጭን ወጣት ነበር።

ኢየሩስ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ይሄን የመሰለ ድምፅ ወራጅ አለ ለማለት ብቻ ነው የተፈጠረው?»

«ለመዝሙርም ተሞክሮ ነበር» አላት። «አንተ ስትዘምር ሌላው አይሰማም ብለው ከኳየሩ አስወጡኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሰው እገድልበታለሁ» አለና ራሱ ደነገጠ። «በፊልም ማለቴ ነው!»

እሷም የምትወርደው እዚያው ነበር።

ቡራዩ፣ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ጀርባ፣ ግድግዳዋ በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ አንዲት ክፍል አለች። ቦሩ የሚባል ሳቂታ ልጅ ተከራይቶ ፊልም ይተረጉምባታል። የሕንዱንም የቱርኩንም ፊልም ትልልቆቹ ተርጓሚዎች ስለያዙት፣ ቦሩ ማንም ያልነካውን ፈልጎ አገኘ፤ አንድ ሙሉ ሃርድ ዲስክ የድሮ የጣሊያን ወንጀል ፊልም። ትንንሽ መኪኖች በጠባብ መንገድ ይሳደዱበታል። ጢማም የፖሊስ ኮሚሳር በቆዳ ጃኬት ሲሮጥ ይውላል። ወንጀለኛው ግን አይሮጥም፤ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጣል። ከመካከላቸው ጣሊያንኛ የሚያውቅ አልነበረም። የፊልሙን ድምፅ ዘግተው፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ እያዩ፣ የመሰላቸውን ይናገራሉ። ይህንንም ትርጉም ይሉታል።

ለኮሚሳሩ የሚናገርለት ቦሩ ራሱ ነበር፣ በአፍንጫው። «በሕግ አምላክ ቁም!» ከሚለው ሌላ ብዙም አይጨምርለትም። ወንጀለኛው ፈቀደ ነው። ኢየሩስም ፈቀደ ወደዚያች ክፍል ካመጣት ወዲህ ሴቶቹን ያዘች።

«ቦሩ፣ እኔ እስከ መጨረሻው የምኖርበት ፊልም የለም?» ትለዋለች፤ የጣሊያኖቹ ሴቶች ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ያልቃሉና።

«ጣሊያኖቹን ጠይቂ። እኔ ያመጡልኝን ነው የምቀብረው።»

ሰበታ ባሉት ቪዲዮ ቤቶች ከፋብሪካ የወጣው ወጣት ለወንጀለኛው ያፏጭ ጀመር። መጨረሻ ላይ ኮሚሳሩ ሲገድለው «ፊልሙ ተበላሸ!» እያለ ወንበር ይደበድባል። ኢየሩስ አንድ ቀን ይኼ ነገር ከንክኗት «ለኮሚሳሩስ ለምን ጥሩ ንግግር አንሰጠውም?» ብትል፣ ቦሩ ከት ብሎ ሳቀ።

«ኮሚሳሩ ደመወዝ አለው። ወንጀለኛው ንግግር ካልሰጠነው ምን አለው?»

እውነቱ ሌላ ነበር። ንግግሩን የምትሰጠው ኢየሩስ ናት። ፈቀደ የሚለው ሲጠፋው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ታንሾካሹክለታለች፤ እሱ ተቀብሎ በዚያ ድምፁ ይናገረዋል። ለሌላ ሰው ልትናገረው የማትደፍረውን ሁሉ በወንጀለኛው አፍ ታስቀምጠዋለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ተራ ነገር ሲናገር መስማት አልወደደችም፤ ስለዚህ ወንጀለኛው በየሳምንቱ እያማረበት ሄደ።

አንድ ከሰዓት ወንጀለኛው ለኮሚሳሩ ስልክ የሚደውልበት ቦታ ደረሱ። ፈቀደ ቃል ጠፋው። ኢየሩስ ጠጋ አለች፤ ግን እያንሾካሾከች ዓይኑን አየችው።

«ዛሬ ሰፈርህ ነኝ። ነገ ደጅህ ላይ። ከነገ ወዲያ ቤትህ ስትመጣ በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ።»

ፈቀደ ፊልሙ ላይ የሚናገረውን ሰው ከንፈር ማየት ትቶ እሷን አየ።

«እየቀዳሁ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ቦሩ። «ምነው ሁለታችሁም ሞታችሁ?»

ፈቀደም ተናገረው። ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ማስፈራሪያ አድርጎ ሰማው። ፈቀደ ግን የማን ቤት፣ የማን በር እንደሆነ ገብቶት ነበር። ያን ቀን እስከ ታክሲው ድረስ አብረው ሲሄዱ ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እጇን ሲይዛት የጣቶቹ ጫፍ በክር የተገዘገዘ፣ ሻካራ ነበር።

ለእናቷ መንገር ግን ቀላል አልሆነም። ወይዘሮ የሺወርቅ ከባላቸው የቀረላቸውን ወፍጮ እያስፈጩ፣ ማርያምን እየዘከሩ፣ አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ጴንጤ ነው?» አሉ መጀመሪያ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከደቡብ የመጣ የፋብሪካ ልጅ?»

«አዎ።»

«ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?» ለረጅም ጊዜ ዱቄቱን ከክንዳቸው ላይ ሲያራግፉ ቆዩ። «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይምጣ። ላየው። ማየት ማጨት አይደለም።»

ስልኩ የተደወለው በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው።

ነገሩ ከስልኩም በፊት የጀመረ ነበር። አቤኒ የሚባል ሰው ወፍጮ ቤቱ ያለበትን የመንገድ ዳር ቦታ እንዲሸጡለት በደላላ ጠይቆ፣ ወይዘሮ የሺወርቅ እምቢ ብለዋል። ከእምቢታቸው በኋላ የጎን መስታወቱ በጥቁር ፕላስተር የታሰረ ነጭ መኪና ከወፍጮው ፊት ለፊት መቆም ጀመረ። ሞተሩ አይጠፋም። ከውስጡ የሚወርድ የለም። እህል ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን እያዞሩ ወደ ሌላ ወፍጮ መሄድ ያዙ።

ስልኩ የመጣ ዕለት ኢየሩስ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ሱሉልታ ወጣች። በማግስቱ እናቷን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሳጅን ሬሐና የሚባሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ሻርፕ የጠቀለሉ ፖሊስ ተቀበሏቸው። አልተቆጡም፣ አልፎከሩም። ጥያቄያቸውን ሁለት ጊዜ እየጠየቁ አዳመጡ።

«የደወለው ቁጥር ተዘግቷል» አሏቸው በመጨረሻ። «በስሙ የወጣለትም ሰው በሕይወት የለም። ነጩም መኪና መንገድ ዳር ስለቆመ አላስረውም። እኔን ከፈለጋችሁኝ የድምፁን ባለቤት አምጡልኝ። ከሱ ተነስቼ ወደ ላይ እሄዳለሁ።»

ሐሙስ ስልኩ እንደገና ጠራ። ኢየሩስ ከእናቷ እጅ ተቀብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሴትዮ» አለ።

«ማነህ አንተ? ስምህን ንገረኝ!» አሉ እናቷ።

ድምፁ አልመለሰም፤ ቆየና የራሱን ቀጠለ። «አልቸኩልም። ዛሬ ሰፈርሽ ነኝ። ነገ ደጅሽ ላይ። ከነገ ወዲያ ቤትሽ ስትመጪ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ።»

ኢየሩስ ድምፁን አወቀችው። ድምፁ ብቻ ቢሆን፣ ሰው ከሰው ይመሳሰላል ብላ ራሷን ታታልል ነበር። ቃሉ ግን የራሷ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ» አሉ እናቷ። «አወቅሽው እንዴ?»

«አላወቅሁትም» አለች። እናቷን ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር።

አርብ ዕለት ሰበታ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሠራተኛው ተግተልትሎ ሲወጣ ፈቀደ አያት፤ ፈገግታው ግን አጠገቧ ሳይደርስ ከሰመ።

«እናቴን ለምን?» አለችው።

«እናትሽ ምን ሆኑ?»

ነገረችው። ማለ፤ ማክሰኞም ሐሙስም ከማሽኑ እንዳልተነቃነቀ፣ ስልኩ ጥበቃ ቤት እንደነበር ነገራት። ከዚያ በድንገት መሐላውን አቋረጠ።

«አቤኒ» አለ።

«የቱ አቤኒ?»

«አንቺ ያልነበርሽ ቀን ቦሩ ጋ መጣ። ዓለም ገና ከተማ ላይ ቪዲዮ ቤት ከፍቻለሁ፣ በባጃጅ እየዞረ የሚለፈፍ ማስታወቂያ ቅዱልኝ አለ። ያን ንግግር ከሌሎች ጋር መረጠ። ሙዚቃ አይግባበት አለ። በየመካከሉ ዝም በል፣ ሳቅ፣ ከዚያ ቀጥል አለ። ለሴት አድርገው፣ ሴትዮ በል አለ።»

«ለሴት ነው የምትናገረው ሲልህ ማስታወቂያ መሰለህ?»

ከፈቀደ ጀርባ የፈረቃው ደወል ተደወለ።

«ልቤ አይደለም ብሎኝ ነበር» አለ። «ጠየቅሁት፣ ለቀልድ ነው አለኝ። ከዚያ ተናገርኩት። ቦሩ አጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ።» ድምፁ ወረደ። «እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬው አላውቅም፣ ኢየሩስ።»

«ያ ቃል ለአንተ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ዞራ መንገዱን አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ፣ የጎን መስታወቱ በጥቁር ፕላስተር የታሰረው ነጭ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር።

«ሳጅኗ የድምፁን ባለቤት አምጡ ብለዋል» አለችው።

ፈቀደ መኪናውን አይቶ ዓይኑን መለሰ። «ብሄድ እሱ አላውቀውም ይላል። ድምፁ የኔ፣ ሳቁ የኔ። እሱ የነካው ነገር የለም። ማን ያምነኛል? እናትሽ ያምኑኛል?»

«እኔ እንጃ።»

«አንቺስ?»

«እሁድ አትምጣ» ብላው ታክሲ ውስጥ ገባች። ታክሲው ሲነሳ በመስኮት ዞራ አየችው፤ ሰው እየገፋው ያልፋል፣ እሱ ከተወችው ቦታ አልተነቃነቀም።

ቡራዩ ደርሳ ቦሩን ቅጂውን ለመነችው። ቦሩ ያን ቀን አልሳቀም።

«አጥፍቼዋለሁ» አላት፣ በሩን በግማሽ ከፍቶ። «ኢየሩስዬ፣ ያን ሰውዬ አታውቂውም። በናትሽ፣ እኔን አላየሽኝም።»

ስለዚህ የቀረው ማስረጃ የፈቀደ አፍ ብቻ ነበር።

እሁድ ረፋዱ ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የወፍጮውን ቆርቆሮ ያንቋቋው ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ከቅዳሴ ሲመለሱ ለመሸጥ ቆርጠው ነበር የመጡት። «ወፍጮው ከነፍሴ አይበልጥም» አሉና ለደላላው መልእክት ላኩ። ኢየሩስ የፈቀደን ስም ሳታነሳ ስለ አቤኒ የምትነግርበት መንገድ አላገኘችም። ነጩ መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜም ሞተሩ ጠፋ።

አቤኒ ብቻውን ገባ። ኢየሩስ ምን ዓይነት ሰው እንደጠበቀች እሷም አታውቅም፤ ምናልባት ብርቱካን የሚልጥ። የገባው ግን አጠር ያለ፣ ንጹሕ ሹራብ የለበሰ፣ ጉሮሮውን ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ነበር። ድምፁ ሰላላ ነው። ለመስማት ወደሱ ማዘንበል ያስፈልጋል።

«እማማ፣ ሰው እንዳስፈራራዎት ሰማሁ» አለ። «ዘመኑ ከፍቷል። እኔ ሸክሙን ላንሳልዎት ብዬ ነው።» ወረቀቱን በአንድ ኩንታል ገብስ ላይ ዘረጋው።

ለምስክርነት የተጠሩት ጎረቤታቸው ኦቦ ኢቲቻ ዱላቸውን ተደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «ይቺ ወፍጮ ከሄደች እኛ ገብሳችንን የት ነው የምናስፈጨው?» ብለው ጠየቁት። አቤኒ ጥያቄውን የሰማው አልመሰለም።

ኢየሩስ ውሃ ስታቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት ተቀበላት።

«ፊልሞቻችሁን አያለሁ» አላት፣ እናቷ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጎ። «ኮሚሳሩን ለምን እንደዚያ ታሳንሱታላችሁ? ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው። እኔ ሁልጊዜ የማዝነው ለሱ ነው።»

ኢየሩስ ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው ከራሱ የሆነ አንድ የሚያስፈራ ቃል እንኳ አልነበረውም። ቃሉንም ድምፁንም ከነሱ ወስዶ ነው የመጣው።

የግቢው በር ተከፈተ። ፈቀደ ነበር፤ የእሁድ ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን ጠርጓል። አቤኒን አየ። ወረቀቱን አየ። ከዚያ ለወይዘሮ የሺወርቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ልጄ፣ ማን ልበል?» አሉት እናቷ።

ዝም አለ።

«አካም ጅርታ፣ ጉርባ?» ብለው ኦቦ ኢቲቻ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡት። ፈቀደ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

አፉን ካልከፈተ ማንም አያውቀውም። ዞሮ ቢወጣ ፋብሪካው አለ፣ ብርድ ልብስ የተለበጠችው ክፍል አለች፣ ኑሮው አለ። እናቷ ግን እስክሪብቶውን በጣታቸው ይዘዋል።

«ወጣቱ መናገር የሚችል አልመሰለኝም» አለ አቤኒ በለሆሳስ። «አይጨነቅ። በሰላም ይሂድ።»

ፈቀደ ወደ ወይዘሮ የሺወርቅ ዞረ።

«እንደምን አረፈዱ፣ እማማ» አለ።

ወይዘሮ የሺወርቅ አልጮኹም። እስክሪብቶው በእጃቸው እንዳለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ጀርባቸው ከወፍጮው ጋር ተጋጨ። «እሱ ነው» አሉ። «ማርያምን፣ እሱ ነው!»

«ድምፁ የኔ ነው» አለ ፈቀደ። «የደወልኩት ግን እኔ አይደለሁም። ይህን ወረቀት ያመጣው ሰው ማስታወቂያ ነው ብሎ አስቀዳኝ። ነገሩ ሸቶኝ ነበር፤ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ይህን ሳጅኗ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። እስከዚያ አይፈርሙ።»

«እኔ ይሄን ልጅ አይቼው አላውቅም» አለ አቤኒ፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «ግን እማማ በራስዎ ጆሮ ሰሙት። ጣቢያ ካወቀው ጥሩ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ የሚያስሩት እሱን ነው።»

ኦቦ ኢቲቻ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሱ። አቤኒን አላዩትም። «እኔ በዚህ ወረቀት ላይ ምስክር አልሆንም፣ የሺ» አሉ። «የሚያስፈራራና የሚያጽናና ባንድ ሳምንት ከመጡ፣ ከአንድ ቤት ነው የመጡት።»

አቤኒ ወረቀቱን አጠፈ። አልቸኮለም። ከበሩ ላይ ዞሮ ፈቀደን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ልኩን እንደሚወስድ ሰው። ወጣ። የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ መኪናው ግን ከደጁ አልሄደም።

ወይዘሮ የሺወርቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እሁድ ይመጣል ያልሽኝ ሰው ይሄ ነው?»

«አላውቀውም በያቸው» አላት ፈቀደ። «ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቺ በዚህ የለሽበትም፣ ኢየሩስ። ያ ሰውዬ ደጅ ላይ ነው ያለው።»

«አንተን አልጠየቅሁህም!» አሉት እናቷ። «ልጄን ነው የጠየቅሁት።»

ነፋሱ ቆርቆሮውን አነሳው፣ መታው። ኢየሩስ የፈቀደን ፊት አየች። ፈርቶ ነበር። ግን ቆሟል። ፋብሪካው በር ላይ የጠየቃትን ጥያቄ ሳትመልስ እንደሄደች አስታወሰች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ግቢውን አቋርጣ ሄዳ ከጎኑ ቆመች።

«የመረጥሽው ሰው ድምፁን አውሶ ያስፈራራኝ ነው!» አሉ እናቷ፣ ሊያለቅሱ ምንም ሳይቀራቸው።

«ድምፁ የሱ ነው፣ እማዬ» አለች። «ቃሉን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ፤ አሁን አብሬው ጣቢያ ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ። ቢያስሩት ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነኝ። ቢለቁትም የማገባው እሱን ነው።»